ደመወዝ የተቀበለ ሰው ስሙ አንድ ቦታ ተጽፏል

ልጆች፣ ሰላም ናችሁ? ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከደጄ የማይጠፋ ጥያቄ አንድ ነው። "አያቴ አቃቂ ፋብሪካ ይሠራ ነበር አሉ፤ ስሙን የት ላገኘው እችላለሁ?" ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ በእናንተ ዕድሜ ያሉ ናቸው። እኔ የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት በፋብሪካ መዝገብ ቤት ስለሆነ ጥያቄው አይሰለቸኝም። ግን ለመጣው ሁሉ ከምደግመው አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ብዙዎቻችሁ የምትጀምሩት ከሕዝብ ቆጠራ ነው። ውጭ ያሉ ዘመዶቻችሁ ናቸው ያስለመዷችሁ። እንግሊዝ አገር የቆጠራ ቅጽ መቶ ዓመት ሲሞላው ይከፈታል፤ በእነሱ አቆጣጠር የ1921ዱን በ2022 ከፍተውታል። አሜሪካኖቹ 72 ዓመት ጠብቀው የ1950ውን በዚያው ዓመት ለቀቁት። እዚያ አንድ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ወይም የሰው ቤት ሠራተኛ በየአሥር ዓመቱ ከነቤተሰቡ፣ ከነሥራው፣ ከነጎረቤቱ ተጽፎ ይገኛል። የእነሱም ቢሆን ሙሉ አይደለም፤ የእንግሊዝና የዌልስ የ1931 ቅጾች በ1942 ተቃጥለው አልቀዋል።

የእኛ ነገር ሌላ ነው። አገር አቀፍ ቆጠራ ያደረግነው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ግንቦት 1976፣ ጥቅምት 1987 እና ግንቦት 1999። አራተኛው ሲራዘም ሲራዘም ይኸው እዚህ ደርሰናል። አያታችሁ በንጉሡ ዘመን ካረፈ አገር አቀፉ ቆጠራ ጭራሽ አላገኘውም። ቢያገኘውም ስሙ የሰፈረበት ቅጽ በሕግ ምስጢር ነው፤ የታተመው ውጤት ቁጥር እንጂ ስም የለበትም። ስለዚህ ስታቲስቲክስ ቢሮ ሄዳችሁ ዘበኛ አትጨቅጭቁ።

በ1976ቱ ቆጠራ ከቆጣሪዎቹ አንዱ ነበርኩ። ከሁሉም የሚከብደው ዕድሜ መጠየቅ ነው። "ስንት ዓመትዎ ነው አባባ?" ስንል "እንግዲህ አንተው ገምት ልጄ" ይሉናል። ያኔ በዘመኑ ነገር እንጠይቃለን። የኅዳር በሽታ ጊዜ፣ በ1911፣ ተወልደው ነበር? ንጉሡ ዘውድ ሲጭኑ በ1923 ከብት ይጠብቁ ነበር? ጣልያን ሲገባስ ትዳር ይዘው ነበር? ከዚያ 50 ወይም 60 ብሎ መጻፍ ነው። በቆጠራዎቻችን በ0 እና በ5 የሚያልቅ ዕድሜ ከልኩ በላይ የበዛው በዚህ ምክንያት ነው። ቀበሌም ሆነ ፋብሪካ ዕድሜ የጻፈው በዚሁ ዘዴ ነውና ወረቀት ላይ "ዕድሜ 40" ካያችሁ የልደት ዓመት ለማስላት አትቸኩሉ። ጎልማሳ ነበር ማለት ነው፣ በቃ።

የታተመው ውጤት ግን ከንቱ አይደለም። የሰፈሩ ቤት ግድግዳ ከምን እንደተሠራ፣ ውሃ ከየት ይቀዳ እንደነበር፣ ሰዉ በምን ሥራ እንደሚተዳደር ይነግራችኋል። በ1999 ከአዲስ አበባ ነዋሪ ግማሽ የሚጠጋው ሌላ ቦታ ተወልዶ የመጣ ነው። አያታችሁም ምናልባት ከእነሱ አንዱ ነው። ጥያቄው ታዲያ ከየት መጣ፣ ማን አመጣው፣ ማን ቤት አረፈ የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ከሥራዬ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ድሃ ሰው ታሪኩን አይጽፍም፣ የሚጽፍለትም የለም። ገንዘብ ወደ እጁ ሲገባ ወይም ከእጁ ሲወጣ ግን የግድ አንድ ጸሐፊ ስሙን ይጽፋል። ደመወዝ ሲቀበል ይጻፋል። ኪራይ ሲከፍል፣ እድር ሲያዋጣ፣ ዕቁብ ሲገባ፣ ለሰው ዋስ ሲሆን፣ ሲቀጣ፣ ጣቱን ማሽን ቆርጦት ሲካስ፣ ሲሞትና ጡረታው ለሚስቱ ሲዞር፣ ሁሌም ይጻፋል። እናንተ መፈለግ ያለባችሁ እነዚያን ወረቀቶች ነው።

ከፋብሪካው ማህደር እንጀምር። የድሮ የሠራተኛ ፋይል በክር የታሰረ ካርቶን ነው። ከላይ የሠራተኛ ቁጥሩ አለ። ውስጡ የቅጥር ወረቀት፣ ዝገቱ ወደ ወረቀቱ በዞረ ስፒል የተያያዘች ጉርድ ፎቶ፣ በፊርማ ፈንታ የአውራ ጣት አሻራ፣ የክሊኒክ ወረቀት፣ የዓመት ፈቃድ ቅጽ፣ ማስጠንቀቂያ። ልጆች ማስጠንቀቂያውን ሲያዩ ያፍራሉ። አትፈሩ። ከፋይሉ ሁሉ አያታችሁን እንደ ሰው የምታገኙት እዚያ ላይ ነው። "ያለፈቃድ ሦስት ቀን ቀርተሃል፣ ሁለተኛ ቢደገም..." ይላል ደብዳቤው። ከሥሩ ፎርማኑ በእስክሪብቶ "እናቱ ሞታበት ነው" ብሎ ጽፎ ታገኛላችሁ።

ከሁሉም በላይ ግን የዋስ ወረቀቱን አትለፉት። ያኔ ሰው ያለ ዋስ አይቀጠርም ነበር፣ በተለይ ዕቃ ግምጃ ቤትና ጥበቃ ላይ። ለገጠር ልጅ ዋስ የሚሆነው ማነው? አጎቱ፣ የአገሩ ልጅ፣ ከእሱ ቀድሞ የመጣ ሰው ነው። የአያታችሁ የትውልድ ቦታ "ሸዋ" ብቻ ተብሎ ቢታለፍ እንኳ የዋሱ በዝርዝር ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የዋሱን ፋይል ፈልጉ። ዘመድ ፍለጋው መንገድ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ በዚህ በኩል ነው፣ ሰው ግን የራሱን አያት ስም ብቻ ይዞ ይመጣና ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል።

ፋይሉ ዛሬ የት አለ? እሱ ነው አስቸጋሪው። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች በ1967 ተወረሱ፣ ኋላ ደግሞ ብዙዎቹ ወደ ግል ዞሩ። በእያንዳንዱ ዝውውር መዝገብ ቤቱ ጥቂት ይጎድልበታል። አንድ የማውቀው መሥሪያ ቤት ቦታ ጠበበኝ ብሎ የድሮ ማህደር በኪሎ ሸጦ፣ ሰፈራችን ለአንድ ሰሞን ቆሎ የሚበላው በሰው የደመወዝ መዝገብ እየተጠቀለለ ነበር። የሠራተኛ ማኅበሩን ጠይቁ፤ የአባልነት መዋጮ ዝርዝር እንደ ፔሮል ያገለግላል። የጡረታውንም ፋይል ጠይቁ፤ ባል ሲሞት ለሚስትና ከ18 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ስለሚከፈል የቤተሰቡ ዝርዝር እዚያ ውስጥ አለ። አያታችሁ ምድር ባቡር ሠርቶ ከሆነ ደግሞ የኩባንያው የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር ስሙን በላቲን ፊደል ለማንበብ ተዘጋጁ። ቀኑም በፈረንጅ ይሆናል። የሰባት ስምንት ዓመቱን ልዩነት ረስቶ "አያቴ ከሞተ በኋላ ተቀጠረ እንዴ?" ብሎ የደወለልኝ ልጅ አለ።

ስም ራሱ ጣጣ ነው። የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባት ስም በየትውልዱ ይለወጣል። በዚያ ላይ አንዱ ሰው ወልደ ሚካኤል፣ ወ/ሚካኤል፣ ወልዴ እየተባለ ሦስት ቦታ ይጻፋል። ኃይሉን በሃሌታው "ሀ"፣ በሐመሩ "ሐ" እና በብዙኃኑ "ኀ" ካልፈለጋችሁት አታገኙትም። የፋብሪካ ጸሐፊ ለጆሮው የከበደውን የኦሮምኛ ወይም የጉራጊኛ ስም እንደመሰለው ጽፎታል፣ ሰውየውም ሥራው እንዳይቀርበት "እሺ" ብሎ ተቀብሎታል። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ቤት ውስጥ ጠይቁ። የክርስትና ስሙ ማነው? ሰፈር ውስጥ ማን ነበር የሚሉት? ጓደኞቹስ በቅጽል ስም ይጠሩት ነበር? የሠራተኛ ቁጥሩ ያለበት አሮጌ መታወቂያ ከሳጥን ሥር ከተገኘ ግን ሌላውን ሁሉ ተዉት። ስም ይሳሳታል፣ ቁጥር አይሳሳትም።

አሁን ወደምወደው ልምጣ፣ ወደ እድር። እንደ እኔ እንደ እኔ የአዲስ አበባ ዳርቻ ሠራተኛ እውነተኛው መዝገብ የእድር ደብተር ነው። መስመሩ በማስመሪያ የተሰመረ ትልቅ ደብተር፣ በግራ ስም፣ በቀኝ ወራት፣ የከፈለበት ወር ላይ ምልክት። ይህ ብቻ ቢሆን ምንም አይደለም። እድር ግን ለአባሉ ሞት ብቻ አይደለም የሚከፍለው፤ እንደ መተዳደሪያው ደንብ ለወላጅ፣ ለወንድም፣ ለእህት፣ አንዳንዱም ለአማት ይከፍላል። ገንዘቡ ሲወጣ ምክንያቱ ይጻፋል። "እናቱ ሰላሌ ስለሞቱበት" ትላለች አንዷ መስመር። በዚያች መስመር የአያታችሁን አገር፣ የቅድመ አያታችሁን ሞትና ጊዜውን አገኛችሁ። ከዚያ ያንን ወር የፋብሪካ ፋይሉ ላይ ስታዩት ያቺ የሦስት ቀን መቅረት ማስጠንቀቂያ አለች። ሁለቱ ወረቀቶች ሲገጥሙ የሚሰማኝን ደስታ ባለቤቴ እስከዛሬ አልገባትም።

የእድሩን ጸሐፊ ለብቻው አድብታችሁ አትያዙት። በስብሰባው ቀን ሂዱ፣ ዳኛውን አስፈቅዱ፣ የማን ልጅ መሆናችሁን ተናገሩ። ለፋፊውንም አትርሱት፤ ጡሩምባ እየነፋ ቤት ለቤት የዞረ ሰው የማን ቤት የት እንደነበረ ያውቃል። ሰፈሩ ፈርሶ ሰዉ ገላንም ኮንዶሚኒየምም ቢበተን፣ ብዙ እድርተኛ ወሩ ሲደርስ መዋጮውን ይዞ ወደ ድሮ ሰፈሩ ይመለሳልና እዚያ ታገኙታላችሁ።

ቀበሌ ሐምሌ 1967 ከወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ፣ ከቁጥር 47፣ ጋር የመጣ ነው። ከዚያ ወዲህ የቀበሌ ቤት ፋይል፣ የኪራይ ደረሰኝ፣ የሸማቾች ካርድ አለ። የሸማቾች ካርዱ ስኳርና ጤፍ የሚታደልበት ስለነበር የቤተሰቡን ቁጥር ይዟል፤ አንዳንዱ ቤት ራሽን ለማብዛት ከገጠር የመጣውን ሁሉ ልጄ ብሎ አስመዝግቧልና እየጠረጠራችሁ አንብቡት። የድሮው ከፍተኛ (ከቀበሌ በላይ የነበረው የከተማ አስተዳደር እርከን) እና የቀበሌ ቁጥር ከዛሬው ወረዳ ጋር አይገጥምም። ክፍለ ከተማ የመጣው በ1995 ነው፤ ስለዚህ "ቀበሌ 08" ስትሉ የየትኛው ዘመን 08 እንደሆነ መጀመሪያ ሽማግሌ ጠይቁ። የልደት ምዝገባውን ከሆነ አትድከሙ፤ አገር አቀፍ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በወጉ የጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው።

ስለ ሴት አያቶቻችሁም ልናገር። እስካሁን ስለ ወንድ ብቻ ያወራሁት ወረቀቱ በአባወራ ስም ስለሚከፈት ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ግን ብዙ ሴት ቀጥረዋል፣ እነሱም የራሳቸው ፋይል አላቸው። እቤት ጠላ ጠምቃ፣ እንጀራ ጋግራ ልጅ ያሳደገችው ግን ስሟ የሚገኘው በዕቁብ ወረቀት፣ በጽዋ ማኅበር፣ በሴቶች እድርና በፍርድ ቤት ነው። ባል ሲሞት የወራሽነት ማረጋገጫ ይወጣል፣ እዚያ ሚስትም ልጆችም ከነአባታቸው ስም ይዘረዘራሉ። አንዳንዴ ከቤቱ ውጭ የተወለደ፣ ማንም ያላወራላችሁ ልጅ ስም ይወጣል። ያን ጊዜ ወረቀቱን ይዛችሁ እራት ላይ አትፈንዱ። መጀመሪያ ለብቻ፣ ነገሩን ለሚችል ሰው፣ ለእትዬ ወይም ለጋሼ አንሱት። በሕይወት ያለ ሰው ከወረቀት ይበልጣል።

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ፊታውራሪ ልታገኙ ትመጡና የከሰል ተሸካሚ ስታገኙ ፊታችሁ ይጠቁራል። እኔ በበኩሌ ፊታውራሪው ስንት ሰው እንዳስገበረ ከምሰማ፣ ያ ሰው ሌሊቱን ሽፍት ገብቶ ጠዋት እንዴት ልጁን ትምህርት ቤት እንዳደረሰ ባውቅ እመርጣለሁ። ለማንኛውም የፈለጋችሁትን ሳይሆን ያገኛችሁትን ጻፉ። ከየት መጣ የሚለውንም የዘር ክርክር ማሟሟቂያ አታድርጉት፤ ለዚያ ብሎ ፋይል የሚያወጣላችሁ ሽማግሌ የለም።

ሽማግሌ ስትጠይቁ "መቼ ነው?" አትበሉ፤ ታኅሣሥ ግርግር በፊት ነው በኋላ? ፋብሪካው ሳይወረስ ነው ከተወረሰ በኋላ? በሉ። መጀመሪያ ያደረበትን ቤት፣ አብሮት የበላውን ሰው፣ በመጀመሪያ ደመወዙ ምን እንደገዛ ጠይቁ። ሰው ዓመት ይረሳል፣ መጀመሪያ የገዛውን ጫማ አይረሳም። ለመቅዳት አስፈቅዱ፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በግልጽ አስቀምጡት። ስለ ፋብሪካውና ስለ ሰፈሩ በጥቅሉ ማወቅ ከፈለጋችሁ ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት፣ የድሮ ጋዜጣ አለ፤ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ደግሞ የታሪክ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ስላለው ስለ ሰፈራችሁ ወይም ስለ ፋብሪካችሁ የተጻፈ ካለ ጠይቁ።

ደብተር ፎቶ ስታነሱ መጀመሪያ ሽፋኑን፣ ቀጥሎ የገጽ ቁጥሩን፣ ከዚያ መስመሩን አንሱ። መስመሩን ብቻ ያነሳ ልጅ ከወር በኋላ የማን እድር፣ የስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ ይጠፋበትና ተመልሶ ወደ እኔ ይመጣል። የሁሉንም ፎቶ በፍላሽ ገልብጣችሁ ለእድሩ ጸሐፊ ስጡት፤ ደብተሩን አይጥ ከመብላቱ በፊት አንድ ቅጂ ይኑረው። ለቀጣዩ ልጅም በሩን የሚከፍትለት እንደዚያ ሲሆን ነው።