ካርዷ ላይ 85 አለ፤ ልጄ ግን ምን ታውቃለች?

ጥያቄ፦ ልጄ 5ኛ ክፍል ናት። ካርዷ ላይ ሒሳብ 85፣ አማርኛ 90 አምጥታለች። ቤት ውስጥ ግን ግማሽና ሲሶ ደምሪ ስላት «ሁለት አምስተኛ» ትለኛለች። 6ኛ ክፍል ከመግባቷ በፊት በየትምህርቱ ምን መቻል እንዳለባት በምን ልወቅ?
እናት፣ ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ ያዩት ስሕተት ከ85ቱ በላይ ይናገራል። ልጅዎ ላዕሉን (የላይኛውን ቁጥር) ከላዕል፣ ታህቱን (የታችኛውን) ከታህት ደምራለች፤ ክፍልፋይን እንደ አንድ ቁጥር ሳይሆን እንደ ሁለት ቁጥር እያየችው ነው። ሕጉን እንደገና ማስሸምደድ ይህን አያቃናም።

ከባለካሬ ደብተር 12 ካሬ ርዝመት ያለው አንድ ረድፍ ይቁረጡላት። ግማሹን ትቀባ፤ 6 ካሬ ይሆናል። ቀጥሎ የሙሉውን ረድፍ ሲሶ በሌላ ቀለም ትቀባ፤ 4 ካሬ። እዚህ ላይ ብዙ ልጆች ይስታሉ፤ የቀረውን ሲሶ፣ ማለትም 2 ካሬ ብቻ ይቀባሉ። እንዲያ ካደረገች «የምኑ ሲሶ?» ብለው ይመልሷት። ከ12ቱ 10 ተቀብቷል፤ 10/12 ሲቃለል 5/6 ነው። አሁን «2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ይበሏት። ግማሽ ላይ ሌላ ተጨምሮበት ከግማሽ ማነሱን ስታይ ስሕተቱን ራሷ ትይዘዋለች።

በዚያው 0.35 እና 0.4ን ያወዳድሩላት። 35 ከ4 ይበልጣል ብላ 0.35ን ከመረጠች የአስርዮሽ ቦታ ዋጋ አልገባትም። በብር ያስቡላት፦ 0.4 ብር 40 ሳንቲም፣ 0.35 ብር 35 ሳንቲም።

በአማርኛ ጮክ ብላ ማንበቧ ብቻውን አይበቃም። ፊደላችን ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን አይለይም። «ገና አልደረሰም» እና «የገና በዓል»፣ «መጣ አለ» እና «ቤት አለ» የሚሉትን ስታነብ ያዳምጧት፤ እንደ ዐረፍተ ነገሩ ማጥበቅና ማላላቷ እየተረዳች ማንበቧን ያሳያል። ከዚያ አንድ ገጽ አንብባ፣ መጽሐፉን ዘግታ፣ በራሷ ቃል አራት ዐረፍተ ነገር ትጻፍ። የመጀመሪያዎቹን መስመሮች እንዳሉ ከጻፈች ዋናውን ሐሳብ ከዝርዝሩ መለየት ገና ይቀራታል።

በእንግሊዝኛ ስለ ቤተሰቧ አምስት ሙሉ ዐረፍተ ነገር፣ ከደብተር ሳትገለብጥ መጻፍ ከቻለች ለጊዜው ይበቃል።

በአካባቢ ሳይንስ የምንፈልገው ትርጉም መድገም ሳይሆን ፍትሐዊ ሙከራ ነው፤ ማለትም አንድ ነገር ብቻ ቀይሮ ሌላውን ሁሉ እኩል አድርጎ ማወዳደር። ሁለት እኩል ብርጭቆ ውሃ፣ አንዱ ፀሐይ ላይ፣ አንዱ ጥላ ውስጥ፤ የውሃውን ልክ በእስክሪብቶ አስምራ ለሦስት ቀን ትከታተል። ጣና ዳር የሚያድግ ልጅ ትነትን ከዚህ ይጀምር፤ የሐይቁ ውሃ በዓባይ ብቻ ሳይሆን ወደ ሰማይም ይወጣል። ዋናው ፈተና አንዱን ብርጭቆ በሰፊ ሳህን ቀይረው «አሁንስ ማወዳደር ይቻላል?» ሲሏት ነው። «አይቻልም፤ ሳህኑ አፉ ሰፊ ስለሆነ ቶሎ ይተናል» ካለች ገብቷታል።

ጥያቄ፦ የ6ኛ ክፍል ልጄ የካርታ መስፈርት (ስኬል) አልገባው አለ።
አባት፣ ከዘጌ

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቸግረው ካርታው ሳይሆን የዜሮዎቹ ብዛት ነው። በ1:1,000,000 ካርታ ላይ 1 ሴ.ሜ መሬት ላይ 1,000,000 ሴ.ሜ ነው። ልጁ በአንድ ጊዜ ወደ ኪሎ ሜትር ሊዘል ይሞክርና ይሳሳታል። በሁለት እርምጃ ይሂድ፦ ለ100 አካፍሎ 10,000 ሜትር፣ ከዚያ ለ1,000 አካፍሎ 10 ኪ.ሜ። ከዚያ ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ በማስመሪያ ይለካ፤ 7 ሴ.ሜ ገደማ ያገኛል፣ በቀጥታ መስመር 70 ኪ.ሜ ገደማ ማለት ነው። 700 ወይም 7 ካለዎት ስሌቱን አያርሙለት፤ «በጀልባ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብለው ይጠይቁት፣ መልሱ የማይመስል መሆኑን ራሱ ይድረስበት።