ቀበና ወንዝ ገብተው ትል የሚለቅሙት ልጆች

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ቀበና ድልድይ አካባቢ ነው ምኖረው። ሰሞኑን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን ያሉ ልጆች ቦቲ አድርገው ወንዙ ውስጥ ገብተው ድንጋይ እየገለበጡ በመረብ ትል ሲለቅሙ አየሁ። ውሃ በጠርሙስ ቢቀዱ ይገባኛል፣ ትሉ ግን ምን ያረግላቸዋል? ወንዙ መሽተቱን ለማወቅ እንደሆነ ዲግሪ አያስፈልግም፣ እናቴ እኮ በልጅነቷ እዛው ልብስ ታጥብ ነበር። የቧንቧ ውሃችንስ ከዚህ ጋር ይገናኛል? ሰላጣውስ? የወንድሜ ልጅ ደሞ፣ አስር አመቱ ነው፣ ከነሱ ጋር ካልገባሁ ብሎ አስቸግሮናል። እህታችሁ ከቀበና

መልስ፦ እህቴ አሳቅሽኝ፣ እውነትሽን ነው ለሽታው ዲግሪ አያስፈልግም። ግን ሽታ "ቆሽሿል" ብቻ ነው ሚልሽ፣ ከየት እንደቆሸሸና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አይነግርሽም።

በጠርሙስ የቀዳሽው ውሃ የዛችን ደቂቃ ነው ሚናገረው። አንዱ ጠዋት ሶስት ሰአት ላይ የሽንት ቤት ፍሳሽ ቢለቅና ተማሪዎቹ ስምንት ሰአት ላይ ቢመጡ ቆሻሻው ታች ወርዶ አልቋል፣ ሳምፕሉ ደህና ሊመስል ይችላል። ትሏ ግን የትም አልሄደችም፣ ድንጋዩ ስር ለሳምንታት አንዳንዷም ለወራት ስለምትኖር በዛ መሀል ያለፈው ሁሉ በሷ ላይ ነው ያለፈው። ስለዚ ተማሪዎቹ ማን አለ ብቻ ሳይሆን ማን ጠፋ ብለው ነው ሚቆጥሩት። ሜይፍላይ የሚሏት የነፍሳት እጭ አለች፣ ሁለት ወይ ሶስት ቀጫጭን ጭራ ያላት፣ በሆዷ ጎንና ጎን ባሉ ላባ መሳይ ነገሮች ከውሃው ኦክስጅን የምትስብ፣ ኦክስጅን ሲያንስ ቶሎ ከሚጠፉት አንዷ እሷ ናት። በተቃራኒው ደማቅ ቀይ ትል ብቻ ከሞላ ችግር አለ ማለት ነው፣ የማትናከስ ትንኝ እጭ ናት፣ ቅላቷ እንደኛ ደም ኦክስጅን የሚይዝ ሄሞግሎቢን ስላላት ነው፣ በሱ ነው ሌላው በሚታፈንበት ጭቃ ውስጥ ምትኖረው።

ኦክስጅኑ የት ይሄዳል ካልሽ፣ የሽንት ቤቱንም የምግብ ትርፍራፊውንም የሚበሉ ባክቴሪያዎች ናቸው ሚጨርሱት። ላብራቶሪ ውስጥ ውሃውን ጨለማ ውስጥ በ20 ዲግሪ 5 ቀን አስቀምጠው ስንት ኦክስጅን እንደተበላ ይለካሉ። እኛ ደሞ ከመነሻውም እድላችን ጠባብ ነው፣ ባህር ጠረፍ ላይ በዛው ሙቀት ንፁህ ውሃ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ቢሞላ 7 ገደማ ነው፣ እና ያው ቆሻሻ እዚህ የባሰ ያፍናል።

ድልድዩ ጋ ብቻ አይተሽ ከሆነ ግማሹን ነው ያየሽው። ተፋሰስ ሲሉ ከእንጦጦ ጀምሮ ዝናቡ ወደዛ ወንዝ የሚወርድበትን መሬት በሙሉ ነው፣ የናንተን ጣራና ግቢ ጨምሮ። እንዲህ አይነት ጥናት ላይ መጀመሪያ ሽቅብ ቤት ያልበዛበት ቦታ ድረስ ይወጣና የንፁህ ወንዝ ትል ምን እንደሚመስል ይመዘገባል፣ ከዛ ቁልቁል እየወረዱ ያወዳድራሉ። ክረምት ላይ ጎርፍ ትሎቹን ጠርጎ ስለሚወስድ በጋውን ይመርጡታል። ቀበና ከግንፍሌና ከባንትይቀጡ ወንዞች ጋር ሆኖ ወደ ትልቁ አቃቂ ይሄዳል፣ ትልቁና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ፣ ከዛ አዋሽ፣ አዋሽ ደሞ ባህር አይገባም፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ጅቡቲ ድንበር አቤ ሀይቅ ላይ ነው ሚያልቀው። አባ ሳሙኤል ላይ የተንጣለለውን እምቦጭ አይተሽ ከሆነ ከኛ ቆሻሻ ጋር በወረደ ናይትሬትና ፎስፌት፣ ተክልን እንደ ማዳበሪያ በሚያሳድግ ነገር ነው ሚወፍረው፣ ድሮ ለመብራት የተገደበ ግድብ የከተማው ቆሻሻ ማጠራቀሚያም ሆነ።

የቧንቧ ውሃ ከቀበና አይቀዳም፣ ከለገዳዲ፣ ከድሬ፣ ከገፈርሳና ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው። ግን "አቃቂ" የሚለውን ልብ በይ፣ የናንተ ወንዝ በሚወርድበት በኩል ነው፣ ድንጋዩ ደሞ እሳተ ገሞራ የተፋው የተሰነጣጠቀ ስለሆነ ላይ የፈሰሰው በጊዜ ብዛት ወደ ታች ሊሰርግ ይችላል። ባክቴሪያውን ክሎሪን ይገድለዋል፣ ናይትሬትን ግን ክሎሪንም ማፍላትም አያወጣውም፣ እንደውም ስታፈይው ውሃው እየተነነ እሱ ይወፍራል።

ሰላጣ ላይ እኔ በበኩሌ በወንዙ የለማ መሆኑን ካወቅኩ ጥሬውን አልበላም። ከሰገራ የሚመጣ ኢ ኮላይ የሚባል ባክቴሪያና የወስፋት እንቁላል ሊኖር ይችላል፣ ጎመን ቢበስል እነሱ ይሞታሉ፣ ከቆዳ ፋብሪካ የሚመጣው ክሮሚየም አይነቱ ብረት ግን ተክሉ ውስጥ ከገባ ብታጥቢውም ብታበስይውም እዛው ነው።

አንድ ቅሬታ አለኝ፣ እነዚህ ጥናቶች ቴሲስ (የመመረቂያ ፅሁፍ) ሆነው ይታሰሩና መደርደሪያ ላይ ይቀራሉ፣ ወንዙ ዳር ያለው ሰው ውጤቱን ሲሰማ አላየሁም። ስለዚ ልጆቹ ሲመለሱ ቡና አፍልተሽ ያዣቸውና "ከኛ ሽቅብ ምን አገኛችሁ፣ እኛ ጋስ?" በያቸው፣ ቁጥሩን ካልነገሩሽ አትልቀቂያቸው።

የወንድምሽ ልጅ ወንዙ ውስጥ አይግባ፣ ቁስል ካለውማ ጭራሽ። ዳር ላይ ሆኖ ጓንት አድርጎ ተማሪዎቹ ከመረቡ ነጭ ሳፋ ላይ የገለበጡትን ትል ይቁጠርላቸው፣ ጭራ ያላት ካገኘ ፃፉልኝ።