የእሬት፣ የካሮት ዘይት፣ የሎሚና የጤና አዳም ውህድ ለአዳማ ፀሐይ ይበቃል ወይ?

እህቴ፣ «ሰንስክሪን ስለተወደደ እሬት፣ የካሮት ዘይት፣ ሎሚና ጤና አዳም ቀላቅዬ ጠዋት ጠዋት ፊቴን ብቀባስ? ማድያትም ጀምሮኛል» ብለሽ ጠይቀሻል። አይበቃም። ከአራቱ ሁለቱ ደግሞ ከነጭራሹ ፊትሽን ሊነኩት አይገባም።

ሎሚና ጤና አዳም ፉራኖኩማሪን የሚባል ንጥረ ነገር አላቸው። ጥላ ውስጥ እያለሽ ዝም ይላል፤ የፀሐይ ዩቪኤ ጨረር ሲያገኘው ግን ቆዳውን ያቃጥለዋል። ክፋቱ ወዲያው አለመታየቱ ነው። ማቃጠሉ ብዙ ጊዜ በማግስቱ ይጀምራል፣ በሁለተኛው ሦስተኛው ቀን ይብሳል፣ ውኃ ሊቋጥርም ይችላል። ሲድን ጭማቂው በወረደበት መስመር ልክ ጥቁረት ይተዋል፤ ያ ጥቁረት ወራት ይቆያል። ማድያት ላለበት ፊት ከዚህ የባሰ የለም። ጤና አዳምን ለቡናው ተዪለት። ድንገት ከነካሽ ፀሐይ ሳትወጪ በሳሙና ታጠቢው።

እሬት ጥሩ ነው፣ ግን ከፀሐይ መልስ። ጨረር አያግድም፤ ያበርዳል፣ ያረጥባል። ብዙው ስህተት አቆራረጡ ላይ ነው። ቅጠሉን ከሥሩ ቁረጪና የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ታች አድርገሽ 15 ደቂቃ ያህል አቁሚው። የሚንጠባጠበው ቢጫ ፈሳሽ ያው ጡት ማስጣያው መራራ ነው፤ ቆዳ የሚያሳክከውም እሱ ነው። ከዚያ እጠቢው፣ አረንጓዴውን ልጣጭ በደንብ አንሺ፣ የጠራውን ጄል ብቻ ውሰጂ። መጀመሪያ ክንድሽ ውስጠኛው ላይ ቀብተሽ አንድ ቀን ጠብቂ። ፍሪጅ ውስጥ ጥቂት ቀን ይቆያል፤ ከቀላ ወይም ከሸተተ ጣይው። በየገደሉ የሚበቅለው እሬት ሁሉ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም።

የካሮት ዘይት ፊት ያወዛል እንጂ እንደ መከላከያ አትቁጠሪው። አረንጓዴ ሻይ ይሻላል፤ አፍልተሽ አቀዝቅዘሽ በንጹሕ ጨርቅ 10 ደቂቃ ብታሳርፊው መቅላት ይቀንሳል፣ አሳድረሽ ግን አትጠቀሚበት።

ከዕፅዋት ወገን የሚገርመው የሚበላው ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ የጀርመን ጥናት ላይ በየቀኑ 40 ግራም የቲማቲም ድልህ ከ10 ግራም የወይራ ዘይት ጋር የበሉ ሰዎች ከ10 ሳምንት በኋላ በጨረር የሚመጣው መቅላት በ40 በመቶ ገደማ አንሶባቸዋል። ሥራው ቲማቲሙን የሚያቀላው የላይኮፒን ነው፤ በዘይት ሲበስል ሰውነት በደንብ ይወስደዋል። የመቂን ቲማቲም በዘይት ስልስ አድርጎ መብላት ማለት ነው እንግዲህ። እሱም ቢሆን የሰንስክሪን ክሬሙን አይተካም።

አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ክሬሙ ኤስፒኤፍ (የመከላከል አቅሙን የሚያሳየው ቁጥር) 30 ወይም ከዚያ በላይ፣ ዩቪኤንም የሚከላከል ይሁን። ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ርዝመት ልክ ጨምቀሽ ከመውጣትሽ 15 ደቂቃ ቀድመሽ ተቀቢ፣ ውጭ ከዋልሽ በየ2 ሰዓቱ ድገሚው። ቆጥበሽ በስሱ ከቀባሽው ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አታገኚም። ሰንስክሪን ውስጥ የሚገባውን የዚንክ ዱቄት ገዝቶ ቤት መቀላቀልም አያዋጣም፤ ዱቄቱ ይጓጉልና ነጭ የመሰለው ፊት መሃል መሃሉ ለጨረር ክፍት ሆኖ ይቀራል።

ብር ለመቆጠብ ክሬሙን ለፊት፣ ለአንገትና ለእጅሽ ጀርባ አድርጊው። ሌላውን ረጅም እጅጌ ይሸፍነው፤ ከ4 እስከ 9 ሰዓት ጃንጥላ ያዢ። ነጠላ ስስ ስለሆነ ደርበሽ አጣፊው። ለማድያቱ ደግሞ ብረት ኦክሳይድ ያለበትን፣ የቆዳ ቀለም ያለውን ክሬም ምረጪ፤ ማድያትን በዓይን የሚታየው ብርሃንም ያብሰዋል፣ ነጩ ክሬም ያንን አያግድልሽም።