አየር ሞልቶ መታፈን

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አያቴ ጣሊያን በኮረምና በአሸንጌ ስላዘነበው መርዝ ከአባታቸው የሰሙትን ያወሩልናል። ሰሞኑን ደግሞ “የደም መርዝ” የሚባል የጦር ጋዝ እንዳለ አነበብኩ። ሁለቱ አንድ ናቸው? ደሙን ነው የሚበክለው? አያቴ እርጥብ ጨርቅ አፍንጫ ላይ መያዝ ያድናል ይላሉ። (ከሐይቅ)

መልስ፦ መጀመሪያ አያትህን ሰላም በልልኝ። ሁለተኛ፣ ዶክተር አይደለሁም፤ ደሴ ላይ ስሠራ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። ስንት ጊዜ ብናገር የሚሰማኝ የለም።

አንድ አይደሉም። በ1928 ዓ.ም. ከአውሮፕላን የዘነበው በዋናነት የሰናፍጭ ጋዝ ነው። ስሙ ጋዝ ይባል እንጂ ቅባትነት ያለው ፈሳሽ ነው። ሣሩ ላይ ይቀመጣል፣ በባዶ እግሩ የሚሄደውን ያቃጥላል፣ ቆዳ ያሳብጣል፣ ዓይን ያጠፋል። ሕመሙም ከሰዓታት በኋላ ነው የሚጀምረው።

የደም መርዝ የሚሉት ደግሞ ሃይድሮጅን ሳያናይድና ሳያኖጅን ክሎራይድ ናቸው። ፈረንሳዮች በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1916 እ.ኤ.አ. ሃይድሮጅን ሳያናይድን ሞክረውት ነበር። ከአየር ስለሚቀል ሜዳ ላይ ቶሎ ተበትኖባቸው ያሰቡትን ያህል አልሠራላቸውም። በተዘጋ ቤት ውስጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

አሁን ወደ ደሙ። ለዚህ ሩቅ አልሄድም፣ ሐርቡ ይበቃኛል። ልጅ ሆኜ አጎቴ ዘንድ ነበርኩ። ዝናቡ ጠፍቶ ማሽላው ጠወለገ። ቆይቶ አንድ ሁለት ቀን ዘነበና ከሥሩ አዲስ ቡቃያ አወጣ፣ ስንዝር የማይሞላ። ላሟ አጥር ጥሳ ገብታ በላችው። ብዙም ሳትቆይ ትንፋሿ ፈጠነ፣ ተንቀጠቀጠች፣ ወደቀች። አጎቴ ነፍሷ ሳይወጣ ብሎ ሮጦ አረዳት። ደሟ ቀላ፤ ሲበዛ ቀላ። እንደ አዲስ ድልህ። የቆሙት ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ፣ የተናገረ ግን አልነበረም።

ነርሲንግ ስማር ነው የገባኝ። የማሽላ ቡቃያ፣ በተለይ ድርቅ መትቶት ሲያቆጠቁጥ፣ ሆድ ውስጥ ሲፈጭ ሳያናይድ ይለቃል። ሳያናይድ ደሙን አያበላሽም። አህያ እህል ጭና ወፍጮ ቤት ደረሰች እንበል። ወፍጮው ቆሟል። ምን ታደርጋለች? ከነጭነቷ ትመለሳለች። ደሙም ኦክስጅን ተሸክሞ ይደርሳል፤ ሴሉ ግን ሊጠቀምበት አይችልም፣ ወፍጮውን ሳያናይዱ ይዞበታል። ስለዚህ ደሙ ኦክስጅኑን እንደያዘ ይመለሳል። ቅላቱም ከዚያ ነው። ሰውየው አየር እየሳበ ይታፈናል። “የደም መርዝ” የተባለውም በደም ተሳፍሮ ስለሚሄድ እንጂ ደምን ስለሚበክል አይደለም።

መጠኑ ትንሽ ከሆነ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ መቅበዝበዝ ያመጣል። ብዙ ከሆነ ግን ጊዜ አይሰጥም፤ ሰውየው በኃይል ይተነፍሳል፣ ይንዘፈዘፋል፣ ራሱን ይስታል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሹ ይቆማል። ሳያኖጅን ክሎራይድ ከሆነ ዓይንና ጉሮሮም ያቃጥላል። ሽታው እንደ መራራ ለውዝ ነው ይላሉ። የኛ ለውዝ እንዳይመስልህ! የኮክ ድንጋይ ሰብረህ ውስጡን ብትቀምስ የምታገኘው ምሬት ይቀርበዋል (አታብዛው፣ እሱም ሳያናይድ አለበት)። ደግሞ ብዙ ሰው ይህን ሽታ ከተፈጥሮው ማሽተት አይችልም። አልሸተተኝም ብሎ መቀመጥ የለም።

እርጥብ ጨርቁ? አያትህ አይቀየሙኝ፣ ጋዙን አያስቆምም። የሐኪም ማስክም እንደዚያው። ከሰል በጨርቅ ቋጥሮ መያዝም ከንቱ ነው። የወታደር ማስክ ማጣሪያ ውስጥ ያለው ከሰል በብረት ውህዶች የታከመ ነው፤ ተራ ከሰል ይህን ጋዝ በደንብ አይዝም። የሚያድነው መውጣት ነው። ንጹሕ አየር ወዳለበት፣ ነፋሱ ወደሚመጣበት ጎን። ልብሱን አውልቁለት፣ በአንገት በኩል የሚወልቅ ከሆነ ቀዳችሁ አውጡት። ገላውን በውሃና ሳሙና፣ ዓይኑን በውሃ ብቻ እጠቡ። አፍ ለአፍ ትንፋሽ አትስጡ፣ እናንተም ትከተሉታላችሁ። ሆስፒታል ውስጥ ኦክስጅንና መድኃኒት ይሰጣል። አንዱ መድኃኒት የቫይታሚን ቢ 12 ዘመድ ነው፤ ሳያናይዱን ይዞ በሽንት ይወጣል፣ ሽንቱንም ቀይ ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ የጎረቤት ቤት ሲቃጠል ጭስ የገባበትን ሰው ወተት አጠጣነው። ልክ ነን? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አይደላችሁም። ራሱን የሳተ ሰው ወተት ወደ ሳንባው ነው የሚገባበት። ደግሞ ያ ጭስ ተራ ጭስ አይደለም። ስፖንጅ ፍራሽ፣ ናይለን፣ ሱፍ ሲነዱ ከካርቦን ሞኖክሳይድ ጋር ሳያናይድም ይወጣል። እኛ ሰፈር አንድ ሰው ከቤቱ በደህና ወጥቶ ሳጥን ላውጣ ብሎ ተመለሰ። እሳቱ አልነካውም። በሩ ሥር ወድቆ ነው የተገኘው። ጭስ የገባበት ሰው በእግሩ ቢቆምም ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ታዲያ ማሽላውን ለከብት አንስጥ? (ከቆቦ)

መልስ፦ አብሽር፣ ስጥ። ቡቃያውንና ድርቅ መትቶት ዳግም ያቆጠቆጠውን ብቻ ተወው። ደህና አድርገህ ካደረቅኸው አብዛኛው መርዝ በኖ ይጠፋል። ከበላች ደግሞ የእንስሳት ሐኪሙን ሩጠህ ጥራ፣ መርፌ አለው። አጎቴ ከዚያ ዓመት ወዲህ ማሽላው ወገቡ ጋ እስኪደርስ የአጥሩን እሾህ በየማለዳው በእጁ እየነካካ ይዞር ነበር።