ያልተሸነፈ ቡድን እንዴት ይወድቃል? ስለ አፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ቅድመ ማጣሪያ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የመጀመሪያ የጥሎ ማለፍ ዙር የሚደረገው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ወይም አዲሱ ዓመት ሲገባ ስለሆነ፣ ወደዚህ ዓምድ የሚላኩ የእግር ኳስ ጥያቄዎችም በዚያው ሰሞን ይበዛሉ። ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አብዛኞቹ የሚያነሡት አንድ ጉዳይ ነው፤ እርሱም የደርሶ መልስ ጨዋታ ድምር ውጤት እኩል ሲሆን አላፊው ቡድን የሚለይበት መንገድ ነው። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለዚሁ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ ፋሲል ከነማ በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከሱዳኑ አል ሂላል ጋር ተገናኝቶ በሜዳው 2 ለ 2፣ ኦምዱርማን ላይ ደግሞ 1 ለ 1 ወጥቶ ነበር። አባቴ ሁለቱን ውጤቶች በደረሰኝ ጀርባ ላይ ጽፈው ደምረው ደምረው 3 ለ 3 ሲሆንባቸው፣ «ታዲያ ማን አሸነፈንና ነው የወጣነው?» አሉኝ። እኔም የሚያረካ መልስ አላገኘሁላቸውም። አሁንም ነገሩ ሲነሣ ይከነክናቸዋል።

መልስ፦ አባትዎ ድምሩን አልተሳሳቱም። በደረሰኙ ላይ የጎደለው፣ እያንዳንዱ ጎል የትኛው ሜዳ ላይ እንደተቆጠረ የሚያሳይ አንድ መስመር ብቻ ነው። በውድድሩ ደንብ መሠረት የሁለቱ ጨዋታዎች ድምር እኩል ከሆነ በመጀመሪያ የሚታየው እያንዳንዱ ቡድን ከሜዳው ውጪ ያስቆጠረው ጎል ነው። አል ሂላል በእንግድነት ሁለት ጎል አስቆጥሯል፤ ፋሲል በእንግድነት ያስቆጠረው አንድ ነው። ሱዳናውያኑ ያለፉት በዚህ በአንድ ጎል ልዩነት ነው። ስለዚህ ለአባትዎ «ማንም አላሸነፈንም፤ የወጣነው በሜዳችን በተቆጠሩብን ሁለት ጎሎች ነው» ብለው ቢነግሯቸው እውነቱን ነግረዋቸዋል።

ይህ ደንብ ሁለተኛውን ጨዋታ እንዴት እንደሚለውጠው ለመረዳት፣ ፋሲል 2 ለ 2 ከወጣ በኋላ ወደ ኦምዱርማን ሲጓዝ ምን ይዞ እንደሄደ ማየት ይበቃል። ጨዋታው 0 ለ 0 ቢያልቅ ይወድቃል፤ 1 ለ 1 ቢያልቅም እንደሆነው ሁሉ ይወድቃል፤ 2 ለ 2 ቢሆን ወደ መለያ ምት ይሄዳል፤ በአቻ ውጤት ሊያልፍ የሚችለው 3 ለ 3 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ብቻ ነው። አለዚያ በሰው አገር፣ በተጋጣሚው ደጋፊ ፊት ማሸነፍ ግድ ይለዋል። አል ሂላል በአንጻሩ ጨዋታው ሳይጀመር አልፎ ነበር ማለት ይቻላል፤ የሚጠበቅበት ያንን መጠበቅ ነበር። በሜዳው በአቻ ውጤት የወጣ ቡድን «ገና እኩል ነን» ብሎ ሲጽናና እሰማለሁ፤ በዚህ ውድድር ግን ጎል የተቆጠረበት አቻ ውጤት እኩልነት አይደለም።

ጥያቄ (ከሪያድ)፦ እዚህ አብረውኝ ከሚኖሩ ወንድሞች ጋር የአውሮፓን ሻምፒዮንስ ሊግ ስንከታተል፣ ከሜዳ ውጪ የተቆጠረ ጎል ብልጫ እንደማይሰጥ እናያለን። በአፍሪካ ግን ይሰጣል ይባላል። ሁለቱ ለምን ተለያዩ?

መልስ፦ ሁለቱም አንድ ነበሩ፤ የተለየችው አውሮፓ ናት። ደንቡ ራሱ የተወለደው እዚያው ሲሆን፣ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር በመጀመሪያ የሞከረው እ.ኤ.አ. በ1965 በዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ነው። በዚያን ዘመን ረጅም ጉዞ፣ የማያውቁት ሜዳና የተጋጣሚ ደጋፊ እንግዳውን ቡድን ስለሚያስፈራው ወደ ኋላ አፈግፍጎ ይከላከል ነበርና፣ እንዲያጠቃ ለማበረታታት የታሰበ ነበር። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ደንቡን ሲሽር ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ የባለሜዳነት ጥቅም መቀነሱ ነው፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ ባለሜዳ ቡድኖች 61 በመቶ፣ እንግዶች 19 በመቶ ያሸንፉ የነበረው፣ በኋላ 47 እና 30 በመቶ ሆኗል። ሌላው ምክንያት ደግሞ ደንቡ ዓላማውን ስቶ ባለሜዳውን ቡድን ማስፈራቱ ነው፤ አንድ ጎል ከተቆጠረበት ብዙ ስለሚያጣ በሜዳው እንኳ ለማጥቃት ይሰጋል። አሁን አውሮፓ ውስጥ ድምሩ እኩል ከሆነ 30 ደቂቃ ይጨመርና፣ በዚያም ካልተለየ መለያ ምት ይከተላል።

የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ግን ደንቡን አቆይቷል። ቅድመ ማጣሪያው ላይ ብቻም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ በሜዳው ከግብፁ አል አህሊ ጋር 0 ለ 0 ከወጣ በኋላ ካይሮ ላይ 1 ለ 1 ወጥቶ ለፍጻሜ ያለፈው በዚሁ ደንብ ነው። እኔ በበኩሌ ደንቡ በአህጉራችን መቆየቱን አልቃወምም። በአፍሪካ የእንግዳ ቡድን ጉዞ ዛሬም ከባድ ነው፤ በአውሮፕላን ሁለትና ሦስት ጊዜ እየቀየሩ መድረስ፣ የአየር ጠባይና የከፍታ ልዩነት፣ ያልለመዱት ሜዳ፣ ሁሉም አለ። አውሮፓ ደንቡን የሻረችበት ምክንያት ወደ እኛ ገና አልደረሰም። የሚያሳዝነኝ ደንቡ መኖሩ ሳይሆን፣ ፋሲል በእርሱ የወደቀው አውሮፓ ያለ ደንቡ የመጀመሪያውን የውድድር ዘመን በጀመረችበት በዚያው ዓመት መሆኑና፣ ብዙ ደጋፊም ደንቡ በሁሉም ቦታ የቀረ መስሎት ግራ መጋባቱ ነው።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ባሕር ዳር ከተማ በኮንፌዴሬሽን ካፕ (ከሻምፒዮንስ ሊጉ ቀጥሎ ባለው የአፍሪካ ክለቦች ውድድር) አዛምን ሲጥል ተጨማሪ 30 ደቂቃ ሳይሰጥ በቀጥታ ወደ መለያ ምት የተሄደው በስሕተት ነው ወይስ በደንብ?

መልስ፦ በደንብ ነው። ባሕር ዳር እ.ኤ.አ. በ2023 የታንዛንያውን ቡድን 2 ለ 1 አሸንፎ በመልሱ 2 ለ 1 ተሸነፈ። ድምሩ 3 ለ 3 ሆነ፤ ከሜዳ ውጪ የተቆጠረውም ጎል አንድ ለአንድ ሆነ። በካፍ የክለቦች ውድድር ቅድመ ማጣሪያ ላይ በዚህ ጊዜ ተጨማሪ ሰዓት ስለማይሰጥ፣ ዳኛው መደበኛውን ሰዓት እንዳበቃ ቡድኖቹን ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ክልል ይወስዳል። ባሕር ዳር 4 ለ 3 በሆነ የመለያ ምት አልፏል። ይህን አስቀድሞ የሚያውቅ አሰልጣኝ ተቀያሪዎቹን ለ120 ደቂቃ አያስቀምጥም፤ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ጥሩ መቺ የሆነውን ተጫዋች ሳያስብበት አያስወጣም።

የመለያው መንገድ አስቀድሞ በግልጽ መታወቁ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ ላይ የጋናው አሻንቲ ኮቶኮና የኮንጎ ኪንሻሳው ቲ ፒ ኢንግልበርት (የዛሬው ማዜምቤ) ሁለቱንም ጨዋታ 1 ለ 1 እና 2 ለ 2 ጨርሰው፣ አሸናፊውን በሳንቲም ለመለየት ተሞክሮ ሳይሳካ ቀረ። ሌላ ጨዋታ ተወስኖ ኮቶኮ ሳይገኝ በመቅረቱ ዋንጫው ለኮንጎው ክለብ ተሰጠ። የአንድ አህጉር ዋንጫ በእንዲህ ያለ ውዝግብ መጠናቀቁ፣ ዛሬ ጨካኝ የሚመስለን ደንብ ከምን እንደሚያድን ያሳያል።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ የእኛ ክለቦች ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ዙር ሲጀምሩ፣ እነ አል አህሊ ለምን አንድ ዙር ዘለው ይገባሉ?

መልስ፦ ካፍ ክለቦችን ባለፉት አምስት ዓመታት ባገኙት ነጥብ ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ ከላይ ያሉት የመጀመሪያውን ዙር ሳይጫወቱ በሁለተኛው ይገባሉ። አገሮችም እንዲሁ ይመዘናሉ፤ የመጀመሪያዎቹ 12 አገሮች በውድድሩ ሁለት ሁለት ክለብ ሲያሳትፉ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ የቀሩት አንድ አንድ ያሳትፋሉ። ችግሩ ነጥቡ የሚሰጠው ከምድብ ድልድሉ ጀምሮ መሆኑ ነው። ዋንጫውን ያነሣ ስድስት ነጥብ ያገኛል፤ ከምድቡ አራተኛ ሆኖ የወጣ እንኳ አንድ ነጥብ አለው። በቅድመ ማጣሪያ የወደቀ ግን፣ ሁለቱንም ጨዋታ ሳይሸነፍ ቢወድቅም፣ ምንም አያገኝም። የቅርብ ዓመት ነጥብ በአምስት ሲባዛ የሩቁ በአንድ ይባዛል፤ ከአምስት ዓመት በኋላም ጨርሶ ይጠፋል።

ስለዚህ ቅዱስ ጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ2017 የኮንጎ ብራዛቪሉን ሊዮፓርድስ ጥሎ ከኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሻምፒዮንስ ሊጉ ምድብ ሲገባ፣ ከማሜሎዲ ሰንዳውንስ፣ ከኤስፔራንስና ከቪታ ክለብ ጋር በመመደቡ የተደሰትነው ለክብሩ ብቻ አልነበረም። ለአገሪቱ የነጥብ በር ተከፍቶ ነበር፤ በሚቀጥሉት ዓመታት ሌላ ክለብ ስላልተከተለው ግን ያ ነጥብ ጊዜው አልፎበታል። የገንዘቡም ነገር ተመሳሳይ ነው፤ በቅርብ ዓመታት ምድብ የገባ ክለብ በምድቡ የመጨረሻ ቢሆን እንኳ 700 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ያገኛል። የቅድመ ማጣሪያ አንድ ጎል የሚያወጣው ዋጋ ይህን ያህል ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቅድመ ማጣሪያው የሚደረገው ሊጋችን ገና ሳይጀመር ስለሆነ፣ ክለቦቻችን የዓመቱን ከባድ ጨዋታ የሚያደርጉት ከዝግጅት ሜዳ በቀጥታ ወጥተው ነው። አዲስ የፈረሙ ተከላካዮች እርስ በርስ ሳይለማመዱ ይገናኛሉ። የወዳጅነት ጨዋታ ከአገር ውስጥ ቡድን ጋር ሁለቴ ማድረግ ይህን አይተካም።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከአል አህሊ ጋር ሁለቱንም ጨዋታ ግብፅ ውስጥ አድርጓል። እንዲህ ሲሆን «ከሜዳ ውጪ» የሚባለው የማን ጎል ነው? የወደቀውስ ወደ ኮንፌዴሬሽን ካፕ ይወርዳል?

መልስ፦ በመርሐ ግብሩ ላይ እንግዳ ተብሎ የተመዘገበው ቡድን ጎል ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በዚያ የመጀመሪያ ጨዋታ ባለሜዳ የነበረው፣ በሰው አገርም ቢሆን፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ጨዋታዎቹ 3 ለ 0 እና 4 ለ 0 ስላለቁ ደንቡ አላስፈለገም እንጂ፣ ለክለቡ የባለሜዳነት ጥቅሙ ቀርቶ ዕዳው ብቻ ተርፎት ነበር። ለሁለተኛው ጥያቄዎ፣ ቀድሞ በሁለተኛው ዙር የወደቁ ይወርዱ ነበር፤ ከ2023/24 የውድድር ዘመን ጀምሮ ግን ይህ ቀርቷል።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ የታዳጊዎች አሰልጣኝ ነኝ። ቅዱስ ጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ2022 አል ሂላልን 2 ለ 1 አሸንፎ በመልሱ 1 ለ 0 ሲሸነፍ፣ ልጆቼ «ዕድል ነው» አሉ። እርስዎስ ምን ይላሉ? በሜዳ የሚደረግ የመጀመሪያ ጨዋታ እንዴት መያዝ አለበት?

መልስ፦ ዕድል ነው ብዬ ልስማማ አልችልም፤ ከዓመት በፊት ፋሲልን የጣለው ደንብና ቡድን ራሱ ነውና። ለልጆቹ በሰሌዳ ላይ ሦስት ውጤቶችን ጻፉላቸው። በሜዳችሁ 2 ለ 1 ካሸነፋችሁ፣ ተጋጣሚያችሁ በመልሱ አንድ ጎል ብቻ አስቆጥሮ መረቡን ካላስደፈረ ያልፋል፤ የሆነውም ይኸው ነው። በሜዳችሁ 1 ለ 0 ብቻ ካሸነፋችሁና በመልሱ በተመሳሳይ 1 ለ 0 ከተሸነፋችሁ ግን ቢያንስ መለያ ምት አለ። ከ1 ለ 0 በኋላ በመልሱ አንድ ጎል ካስቆጠራችሁ ደግሞ ተጋጣሚያችሁ ለማለፍ ሦስት ጎል ማስቆጠር አለበት። እንግዲህ 2 ለ 1 በጎል ብዛት ከ1 ለ 0 የበለጠ ቢመስልም፣ በዚህ ውድድር ያነሰ ነው።

ይህ ማለት በሜዳችሁ ፈርታችሁ ተከላከሉ ማለት አይደለም። ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2024 የዩጋንዳውን ቪላ በሰው ሜዳ 2 ለ 1 አሸንፎ በአዲስ አበባ 1 ለ 1 በመውጣት ያለፈው በድፍረት ተጫውቶ ነው። በቀጣዩ ዙር ግን የታንዛንያው ያንግ አፍሪካንስ አዲስ አበባ ላይ 1 ለ 0 ሲያሸንፈው፣ ዛንዚባር ላይ ቢያንስ አንድ ጎል ማስቆጠር ግዴታው ሆነ፤ ጨዋታውም 6 ለ 0 አለቀ። ማጥቃቱን ቀጥሉ፤ ነገር ግን የማዕዘን ምት ስትመቱ ከኋላ የሚቀሩት ሁለት ተጫዋቾች እነማን እንደሆኑ ከጨዋታው በፊት በስም ተወስኖ ይታወቅ። በ80ኛው ደቂቃ 2 ለ 0 እየመራችሁ ከሆነ ሦስተኛውን ከማሳደድ ይልቅ ኳሱን በተጋጣሚ ክልል መያዝን ተለማመዱ። ግብ ጠባቂያችሁም በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች የሚያድነው አንድ ኳስ እንደ አንድ ጎል ብቻ እንደማይቆጠር አሁኑኑ፣ ገና በልጅነቱ ይወቀው።