የኤሲ ቱቦ መገጣጠሚያ ለምን ያፈሳል? (መልስ)

እንደጻፍከው ቴፍሎን ጠምጥመህ፣ ዳዶውን በኃይል አጥብቀህ፣ ጋዙ አሁንም የሚያመልጠው ችግሩ የዳዶው ጥርስ ላይ ስላልሆነ ነው። ፍሳሹን የሚከለክለው እንደ መለከት የተከፈተው የመዳብ ቱቦ ከንፈር ከመገጣጠሚያው የናስ ሾጣጣ ጋር ሲገጥም ነው። ቴፍሎን እዚህ ምንም ሥራ የለውም።

መጀመሪያ የቀረውን ጋዝ በመሰብሰቢያ ማሽን አውጣ፤ አየር ላይ አትልቀቀው። ከዚያ አሮጌውን አፍ በቱቦ መቁረጫ ቁረጥ፣ በመጋዝ አይሆንም። የውስጡን ጠርዝ ስትፍቅ አፉን ወደ መሬት ድፋው፤ ወደ ውስጥ የገባ ፍርፋሪ ቫልቭ ይዘጋል። ዳዶውን ቱቦው ላይ ሳታስገባ አፉን እንደ መለከት አትክፈት (ሁሉም አንዴ ይረሳዋል)። ከንፈሩ ላይ ስንጥቅ ወይም ጭረት ካየህ አትራራለት፣ ድገመው።

ከንፈሩን በኮምፕረሰር ዘይት በስሱ ቀባና በእጅ እስከሚሄድ አዙር። በመጨረሻ በሁለት ቁልፍ፦ አንዱ ይይዛል፣ የቶርክ ቁልፉ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካው) ያጠብቃል። ለ1/4 ኢንች ቱቦ ከ14 እስከ 18 ኒውተን ሜትር፣ ለ3/8 ከ34 እስከ 42 የተለመደ ነው፤ የማሽኑ መመሪያ ሌላ ካለ እሱን ያዝ። ከልክ ሲያልፍ መዳቡ ይሳሳና ይሰነጠቃል፤ ያንተም ይህ ይመስለኛል።

ፍተሻው በደረቅ ናይትሮጅንና በሳሙና አረፋ ነው። ኦክስጅን በፍጹም፤ ከዘይት ጋር ይፈነዳል። ቀጥሎ በፓምፕ ውስጡን ባዶ አድርገህ ቫኪዩሙን ከ500 ማይክሮን (የቫኪዩም መለኪያ አሃድ) በታች አድርስ። ፓምፑን ለይተህ ስትጠብቅ የመለኪያው ንባብ ያለማቋረጥ ከጨመረ ፍሳሽ አለ፤ ትንሽ ጨምሮ ከቆመ እርጥበት ነው፣ ፓምፑን መልሰህ አስነሳ። ጋዙን በግምት ሳይሆን በሚዛን፣ ማሽኑ ላይ በተጻፈው መጠን ሙላ።