ይግባኝ ላይ ብቻ ብሠራስ? ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ስድስት ዓመት በሥር ፍርድ ቤት ከተከራከርሽ በኋላ ሙሉ በሙሉ ወደ ይግባኝ ሥራ ብትገቢ ይሻልሽ እንደሆነ፣ ሥራው ከለመድሽው በምን እንደሚለይም ጠይቀሻል። እኔ ይግባኝ ስጽፍና ስከራከር 22 ዓመት ሆኖኛል፤ ያየሁትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ የሚከብድሽ ጸጥታው ነው። ምስክር የለም፣ መስቀለኛ ጥያቄ የለም። ቀኑ ከመዝገብ ጋር ይመሻል። እኔ መዝገቡን የማነበው የሥር ፍርድ ቤቱን ፍርድ ሳላይ ነው። ፍርዱን ካስቀደምኩ መዝገቡን በዳኛው ዓይን አየዋለሁ፣ ያልታየ ነገርም አይታየኝም። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ይባል የለ? አንድ የብድር ክርክር አይረሳኝም። ፍርዱ «ተከሳሽ ምንም ስለመክፈሉ ማስረጃ አላቀረበም» ይላል። ገጽ 214 ላይ ግን የከሳሹ የራሱ ምስክር በመስቀለኛ ጥያቄ «አዎ፣ ከፊሉን ተቀብለናል» ብሏል። አንድ መስመር ናት። የሥር ጠበቃው በማጠቃለያ ክርክሩ አላነሳትም፣ ዳኛውም አላያትም። ይግባኙ የቆመው በእሷ ላይ ነው።

የዚህ ተቃራኒም አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚገጥምሽም እሱ ነው። «ያኔ ተቃውሜ ነበር» የሚል ጠበቃ ይመጣል፤ መዝገቡን ስትገልጪ ተቃውሞው አልተጻፈም። መዝገብ ላይ የሌለው ተቃውሞ ለይግባኝ ዳኛ አልተነሳም ማለት ነው። ስድስቱ ዓመትሽ እዚህ ላይ ይጠቅምሻል፤ መዝገብ እንዴት እንደሚሠራና የት ላይ እንደሚጎድል ታውቂያለሽ። በእርግጥ ሥርዓቱ ከአገር አገር ይለያያል። በፈረንሳይ ይግባኝ ሰሚው ፍሬ ነገሩንም እንደ አዲስ ሊመረምር ይችላል፤ በሕግ ጥያቄ ብቻ የሚወሰነው ሰበር ሰሚው ነው። በእንግሊዝና በአሜሪካ ግን ምስክሩን ፊት ለፊት የሰማው ዳኛ የደረሰበትን የፍሬ ነገር ድምዳሜ ይግባኝ ሰሚው በቀላሉ አይነካውም። ስለዚህ ቅሬታ ከመጻፍሽ በፊት የምታነሺው ስህተት የሕግ ነው ወይስ የማስረጃ ምዘና ብለሽ ለይው። ይህን ሳይለዩ የተጻፉ ቅሬታዎች ሲወድቁ ብዙ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ መተው መቻል። በሦስተኛ ዓመቴ አንድ ቅሬታ በ11 ነጥብ አቀረብኩ። የመሐል ዳኛዋ ወረቀቱን አስቀምጠው «ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ቢቀር ይግባኝዎ ይወድቃል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ጠንካራ የነበሩት ሁለቱ ነጥቦች በዘጠኙ ውስጥ ተቀብረው ነበር፣ ፍርዱም ጸና። ደንበኛዬ በእኔ ስስት እንደተጎዳ ዛሬም አምናለሁ። ከዚያ ወዲህ ከሦስት ነጥብ ባለፍኩ ቁጥር ለራሴ ምክንያት እጠይቃለሁ። ወድጄ የጻፍኩትን፣ ሕግ የሚደግፈውን፣ ግን ውጤቱን የማይለውጠውን ነጥብ መሰረዝ እስከ ዛሬ ያመኛል። ቢሆንም እሰርዛለሁ።

ቀን ቁጠሪ። በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች የፍትሐ ብሔር ይግባኝ ማስታወቂያ በመደበኛው 30 ቀን አለው፤ የ1958ቱ የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ 60 ቀን ይሰጣል። የቱም አገር ብትሠሪ ደንበኛው በሩን ሲያንኳኳ ግማሹ አልፏል ብለሽ ተነሺ።

የቃል ክርክሩ አጭር ነው፤ የተዘጋጀ ንግግር ይዘሽ አትግቢ። ዳኛው የሚጠይቅሽ ያስጨነቀውን ነገር ነው፤ ጥያቄውን ማለፍ እሱ ያለበትን ሐሳብ መተው ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ሮበርት ጃክሰን መንግሥትን ወክለው ይከራከሩ በነበረበት ጊዜ ለእያንዳንዱ ጉዳይ ሦስት ክርክር ነበረኝ ብለዋል፦ ያቀድኩት፣ በችሎት ያቀረብኩት፣ ማታ ከተኛሁ በኋላ የመጣልኝ። ሦስተኛው ለእኔም ስንት ሌሊት እንቅልፍ ነስቶኛል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ችሎት ውስጥ አይደለም። የተፈረደበት ልጅ እናት ፍርዱን በፌስታል ይዛ መጥታ «ይግባኝ አለው አይደል?» ስትል፣ መዝገቡን አንብበሽ «አለው፣ ግን አያዋጣም» ማለት አለብሽ። ምክንያቱን በሚገባት ቋንቋ፣ ገጹን እያሳየሽ ንገሪያት። ተስፋ ሸጠሽ ገንዘቧን አትቀበዪ። ይህን ማለት የማይችል ሰው ወደዚህ ሥራ ባይገባ እመርጣለሁ።

ለመወሰን አትቸኩዪ። የሥራ ባልደረባሽ የተሸነፈበት፣ ያለቀ መዝገብ ለምኚና ፍርዱን ሳታይ ሙሉውን አንብቢ። ከዚያ ከአምስት ገጽ ያልበለጠ ቅሬታ ጻፊ። በሦስተኛው ቀን መዝገቡ ከሰለቸሽ መልሱን አግኝተሻል። ካልሰለቸሽ ደግሞ የባለጉዳዮቹን ስም አጥፍተሽ ቅሬታውን ላኪልኝ፣ አነብልሻለሁ።